አፕዴት አደረግኩት፣ ፊቸሩ ግን የለም፦ የሩጫ ሰዓት ይዛችሁ ግራ ለገባችሁ

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ውጡና የሚሮጠውን ሰው እጅ እዩ። ጋርሚን፣ ኮሮስ፣ አማዝፊት፣ ሁዋዌ፣ አፕል፣ ሳምሰንግ። አንዳንዱ ከዱባይ የመጣ ነው፣ አንዳንዱን አሜሪካ ያለች አክስት ልካዋለች፣ አንዳንዱ ደግሞ እዚሁ ፒያሳ ከሞባይል ቤት የተገዛ ነው። ሩጫው አልቆ ላብ ሲጠረግ የሚነሳው ጨዋታ ግን ያው ነው፦ «ያንተ ላይ አለ፣ የኔ ላይ የለም። አፕዴት አድርጌዋለሁ እኮ!»

ቁርጡን ልንገራችሁ። አፕዴት የሚያመጣው ሶፍትዌር ብቻ ነው። ሰዓቱ ውስጥ ያልተገጠመ ሴንሰር አይገጥምም። ድርጅቱ ለዚያ ሞዴል አልሰጥም ያለውንም በግድ አያስወጣም። በሌላ በኩል ደግሞ «የለም» የሚባለው ነገር ብዙ ጊዜ አለ፤ ሜኑ ውስጥ ተደብቋል፣ ወይም ስልኩ ላይ ያለው አፕ አርጅቷል፣ ወይም ሰዓቱ ገና በቂ መረጃ አልሰበሰበም። ስለዚህ ሰዓቱን ሪሴት ከማድረጋችሁ በፊት፣ ሻጩ ጋ ሄዳችሁ ከመጨቃጨቃችሁም በፊት፣ የጎደለው ለምን እንደጎደለ እንለይ።

የያዛችሁት የትኛው ሰዓት ነው?

«ጋርሚን ነው» ማለት «መኪናዬ ቶዮታ ነው» እንደማለት ነው። ቪትዝም ቶዮታ ነው፣ ላንድክሩዘርም ቶዮታ ነው። ፎርራነር 55፣ 165፣ 245፣ 255፣ 265፣ 965 ሁሉም የሩጫ ሰዓት ናቸው፣ ከሩቅ ሲታዩም ይመሳሰላሉ፣ ውስጣቸው ግን ለየቅል ነው። ሴቲንግ፣ ከዚያ ሲስተም፣ ከዚያ አባውት የሚለውን ክፈቱ። የሶፍትዌሩ ቨርዥን እዚያ ተጽፏል፤ የሞዴሉን ስም ደግሞ እዚያው ወይም ከሰዓቱ ጀርባ ታገኙታላችሁ። በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ሰው ስትጠይቁም ይህን ፎቶ ነው የምታሳዩት፤ «ጥቁሩ ጋርሚን» ተብሎ መልስ አይገኝም።

255 እና 265ን እንውሰድ። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2022፣ ሁለተኛው በ2023 ነው የወጣው። የልብ ምት ሴንሰራቸው የአንድ ትውልድ ነው። ነገር ግን ጠዋት ስትነሱ «ዛሬ ጠንክረህ ልምምድ መሥራት ትችላለህ ወይስ ዕረፍት ያስፈልግሃል» የሚለው ቁጥር፣ ትሬኒንግ ሬዲነስ የሚሉት፣ 265 ላይ አለ፣ 255 ላይ የለም። አፕዴት ቢጠበቅ ቢጠበቅ አልመጣም። እንዲህ ያለውን ሴንሰር አጥቶ ነው ማለት አይቻልም። ድርጅቱ አዲሱን ሞዴል ከአሮጌው የሚለይበት ነገር ይፈልጋል፣ አለቀ። ያናድዳል፣ ግን ሰዓታችሁ አልተበላሸም። በነገራችን ላይ 255ን የያዘ ሰው ብዙም አልቀረበትም። የሌሊት የልብ ምት መዋዠቅ (በአንድ ምትና በሚቀጥለው መካከል ያለው ጊዜ ምን ያህል እንደሚለያይ)፣ የእንቅልፍ ውጤትና የልምምድ ጫና ሰዓቱ ላይ ስላሉት ሦስቱን አይቶ ራሱ መፍረድ ይችላል።

ሰዓቱ ከየት እንደተገዛም ለውጥ ያመጣል። አፕል የያዛችሁ ይህን አንብቡ። አፕል ማሲሞ ከሚባል የሕክምና መሣሪያ ድርጅት ጋር በፓተንት (በፈጠራ መብት) ተካሶ ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. ከጥር 2024 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጡት ሲሪስ 9 እና አልትራ 2 የደም ኦክስጅን መለኪያቸው ተዘግቶ ነበር። ያኔ ያው ሰዓት ዱባይ ሲገዛ ይሠራ ነበር፣ አሜሪካ ሲገዛ አይሠራም ነበር። እዚህ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሰዓታቸውን የሚያወዳድሩ ሁለት ጓደኛሞች ግራ ቢጋቡ አይፈረድባቸውም። ለአሜሪካ ገበያ የወጡትን ከፓርት ቁጥራቸው ትለያላችሁ፤ መጨረሻው ላይ ኤልደብልዩ ስላሽ ኤ (LW/A) የሚሉት ፊደሎች አሉ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2025 ላይ አፕል ፊቸሩን በአፕዴት መልሶታል፣ ግን በሌላ መንገድ ነው። ሰዓቱ ይለካል፣ ስሌቱን የሚሠራው አይፎኑ ነው፣ ውጤቱም የሚታየው ስልኩ ላይ ሄልዝ የሚለው አፕ ውስጥ ነው። ስለዚህ ሰዓቱን ብቻ አፕዴት አድርጎ ስልኩን የተወ ሰው ምንም አያገኝም።

ለቻይና ገበያ የተሠሩ ሰዓቶችም ከተማው ውስጥ አሉ። ዋጋቸው ረከስ ይላል። ለሌላው ዓለም የሚወጣው ሶፍትዌር ግን እነሱ ላይ ላይደርስ ይችላል። አስመስለው የተሠሩትን ደግሞ ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። የድርጅቱ ዋና አፕ ሰዓቱን ካላወቀውና ሻጩ «ይሄንን ሌላ አፕ ጫኑ» ካለ፣ ሰዓቱ የዚያ ድርጅት አይደለም። አፕዴትም አትጠብቁ።

ዕቃው ከሌለ የለም

ታቦር ተራራ ላይ ወጥታችሁ ስትወርዱ የጓደኛችሁ ሰዓት የወጣችሁትን ከፍታ በደንብ ቆጥሮ፣ የናንተው የማይመስል ቁጥር ከሰጠ፣ ባሮሜትር (የአየር ግፊት መለኪያ) እንዳለው እዩ። ፎርራነር 55 እና 245 የላቸውም። ከፍታን የሚገምቱት በጂፒኤስ ነው፤ ጂፒኤስ ደግሞ ወደ ጎን ጎበዝ፣ ወደ ላይ ደካማ ነው። 165፣ 255 እና 265 ግን የአየር ግፊት የሚለካ ሴንሰር አላቸው። ባሮሜትር በአፕዴት አይመጣም። ለ55 እና ለ245 ባለቤቶች የሚሆነው ጋርሚን ኮኔክት በሚባለው የድርጅቱ አፕ ውስጥ ያለው የከፍታ ማስተካከያ ነው፤ ሩጫው ካለቀ በኋላ ከፍታውን ከካርታ ላይ ወስዶ ያርመዋል። ለአብዛኛው ሰው ይበቃል።

የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ፣ ኢሲጂ የሚባለው፣ ሁለት ነገር ይፈልጋል። አንደኛ ለዚያ የተሠራ ሴንሰር፤ ሁለተኛ የየአገሩ የጤና ተቆጣጣሪ ፈቃድ። ሴንሰሩ እያለ ፈቃድ በሌለበት አገር ሊዘጋ ይችላል። ሳምሰንግ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ ኢሲጂው በድርጅቱ በራሱ አሠራር የሚሠራው ከሳምሰንግ ስልክ ጋር ነው፣ ቴክኖ ይዞ «የለም» የሚል ሰው ሰዓቱን አይውቀስ።

አለ፣ ግን አላያችሁትም

እኔ ከማያቸው ቅሬታዎች አብዛኞቹ እዚህ ይወድቃሉ።

አፕዴት አዲስ ነገር ሲያመጣ ብዙ ጊዜ ስክሪኑ ላይ አይለጥፈውም። ለምሳሌ የሩጫ ፓወር፣ በዋት የሚለካው፣ መጀመሪያ ደረት ላይ የሚታሰር ቀበቶ ወይም ሌላ ተጨማሪ ዕቃ ይፈልግ ነበር፤ በኋላ 255ን ጨምሮ ለአንዳንድ ሞዴሎች ከእጅ ላይ ብቻ እንዲለካ በአፕዴት መጣ። አፕዴት ያደረገው ሰው ሮጠ፣ ምንም አላየም፣ ተናደደ። ስክሪኑ ላይ ራሱ ማስገባት ነበረበት። ሩጫ የሚለውን ክፈቱ፣ ሳትጀምሩት ወደ ሴቲንጉ ግቡ፣ ዳታ ስክሪን የሚለውን ምረጡ፣ ከአራቱ ሳጥኖች አንዱን ነክታችሁ በፓወር ቀይሩት። ይህን ለሩጫ ስታደርጉ ለብስክሌት አይሠራም፤ እያንዳንዱ ስፖርት የራሱ ስክሪን አለው። ሐዋሳ መንገዱ ሜዳ ስለሆነ ብዙ ሰው ሁለቱንም ይሠራል፣ ስለዚህ ሁለት ጊዜ ማስተካከል አለ።

ዋናው ስክሪን ላይ ወደታች ስትሉ የሚመጡት አጫጭር ሳጥኖችም እንዲሁ ናቸው። ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ አዲስ ጨምር ወይም አስተካክል የሚል አለ። እዚያ ገብታችሁ ያልተጨመረውን እዩ። ከፎርራነርም ከኮሮስም ከአማዝፊትም ጋር ነገሩ ተመሳሳይ ነው፣ ቦታው ብቻ ይለያያል።

ሌላው መረጃ የሚጠብቅ ፊቸር ነው። የሌሊት የልብ ምት መዋዠቅ ሁኔታ ጋርሚን ላይ እንዲታይ ሦስት ሳምንት ያህል ሰዓቱን አድርጎ መተኛት ያስፈልጋል። ማታ ማታ ኮመዲኖ ላይ የሚያስቀምጠው ሰው ዕድሜ ልኩን ቢጠብቅ አያየውም። የቪኦቱ ማክስ ግምትም (ሰውነታችሁ ቢበዛ ምን ያህል ኦክስጅን መጠቀም እንደሚችል የሚያሳየው) ትሬድሚል ላይ በመሮጥ አይመጣም፤ ውጭ፣ በጂፒኤስ፣ የልብ ምት እየተለካ፣ ቢያንስ 10 ደቂቃ ጠንከር ብሎ መሮጥ ይፈልጋል። ከሐይቁ ዳር በሶምሶማ የሚሄድና በየመሀሉ ቆሞ ከሰው ጋር የሚጨዋወት ሰው ቁጥሩ ባይመጣለት ሰዓቱ ትክክል ነው።

ሐዋሳ ላይ መኖር ራሱ የሚያመጣው ነገርም አለ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ነው። የጋርሚን ሰዓቶች፣ ፊቸሩ ያላቸው ማለቴ ነው፣ ከ800 ሜትር በላይ ስትለማመዱ ከፍታውን ቆጥረው የቪኦቱ ማክስ ግምቱን ያስተካክላሉ፣ ምን ያህል ከፍታውን እንደለመዳችሁም ያሳያሉ። ጅዳ ያለ ወንድማችሁ ተመሳሳይ ሰዓት ይዞ ይህን ላያይ ይችላል፤ እሱ የሚያየው የሙቀት መላመዱን ነው፣ ያም ከ22 ዲግሪ በላይ ሲሆን ይጀምራል። በስልክ ስክሪን ፎቶ ተላልካችሁ ስታወዳድሩ ይህን አስቡ።

ጥፋቱ ስልኩ ላይ ሲሆን

ሰዓቱ አዲስ ሆኖ አፕ ያረጀ ከሆነ ፊቸሩ በግማሽ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ አፑን አፕዴት አድርጉ። የሁዋዌ ሰዓት ያላችሁ ሄልዝ አፑን ከፕሌይ ስቶር ብቻ አትጠብቁ፤ እዚያ ያለው አሮጌ ሊሆን ይችላል። ከሁዋዌ ከራሱ አፕ ጋለሪ ወይም ከድርጅቱ ድረ ገጽ ውሰዱት።

ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስ፣ አይቴል የያዛችሁ ደግሞ እዚህ ላይ ቆም በሉ፣ ምክንያቱም እነዚህ ስልኮች ባትሪ ለመቆጠብ ብለው ከኋላ የሚሠሩ አፖችን ይገድላሉ። አፑ ሲገደል ሰዓቱ ሲንክ አያደርግም (ከስልኩ ጋር መረጃ አይለዋወጥም)፣ ሲንክ ካላደረገ አፕዴቱ አይወርድም፣ ግማሽ ወርዶ ይቆማል፣ ኖቲፊኬሽንም አይመጣም። ሰውየው ግን «ሰዓቱ ብሉቱዙ ደካማ ነው» ይላል። የአፑን ስም ተጭናችሁ ያዙ፣ አፕ ኢንፎ ግቡ፣ ባትሪ የሚለው ውስጥ ገደብ የሌለበትን ምረጡ። ስልኩ ላይ «ስልክህ ተጠርጓል፣ ይህን ያህል ሜሞሪ ነፃ ሆነ» እያለ የሚያስደስታችሁ ማጽጃ ካለም የሰዓቱን አፕ እንዳይነካ ከዝርዝሩ አውጡት።

ማገናኘት ላይም አንድ ነገር አለ። ሰዓቱን ከስልኩ የብሉቱዝ ሜኑ አታገናኙ። አፑን ከፍታችሁ፣ አዲስ ዕቃ ጨምር ብላችሁ፣ ከዚያ ነው። ከብሉቱዝ ሜኑ የተገናኘ ሰዓት «ኮኔክትድ» እያለ ምንም የማይሠራበት ጊዜ ብዙ ነው። እንዲያ ከሆነባችሁ ከስልኩም ከሰዓቱም አጥፍታችሁ ከአፑ እንደገና ጀምሩ።

አሁን አፕዴት እናድርግ

መጀመሪያ ሲንክ። ያልተላለፈ ሩጫ ሰዓቱ ውስጥ ካለ ወደ ስልኩ ይሂድ። ከዚያ ቻርጅ። አፕል ሰዓቱ ቻርጀር ላይ ሆኖ ቢያንስ 50 ከመቶ ይፈልጋል፤ ለሌሎቹም ከዚያ በታች አትጀምሩ። መብራት ሊጠፋ የሚችልበትን ሰዓት እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ሰዓቱ በራሱ ባትሪ ስለሚሠራ ብዙም አያሰጋም፣ የሚያሰጋው ዋይፋዩ ሲጠፋ ወይም ላፕቶፑ አሮጌ ሆኖ ከሶኬት ሲነቀል የሚሞት ከሆነ ነው።

ዋይፋይ ላይ ሰው የሚቸገረው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ካፌና ሆቴል ውስጥ ያለው ዋይፋይ ገብታችሁ ስልክ ቁጥር ወይም ኮድ የምትሞሉበት ገጽ ካለው፣ ሰዓቱ ያንን ገጽ መክፈት አይችልም። ስሙን ያየዋል፣ ይሞክራል፣ ይተወዋል። ሁለተኛው፣ አብዛኞቹ የሩጫ ሰዓቶች የሚያውቁት 2.4 ጊጋኸርዝ ያለውን ዋይፋይ ብቻ ነው፤ 5 ጊጋኸርዝ ብቻ የሚያሰራጭ ራውተር ጭራሽ አይታያቸውም። ለሁለቱም መፍትሔው የሌላ ሰው ስልክ ላይ ሆትስፖት መክፈትና የሆትስፖቱን ባንድ ወደ 2.4 ጊጋኸርዝ ማድረግ ነው። አይፎን ላይ ማክሲማይዝ ኮምፓቲቢሊቲ የሚለውን አብሩ። ዳታ እንዳይበላባችሁ የሌሊት ጥቅል ያላችሁ በሌሊት ጥቅል አድርጉት።

ሁሉም ሰዓት ዋይፋይ የለውም ደግሞ። ፎርራነር 255 ሙዚቃ የሚል ቅጥያ ከሌለው ዋይፋይ የለውም፣ 245 እና 165ም እንዲሁ፤ 55 ደግሞ ጭራሽ የለውም። «ዋይፋይ የሚለው ሜኑ የት ሄደ» እያላችሁ አትፈልጉ። እነዚህ በስልኩ በኩል በብሉቱዝ ይወስዳሉ፣ እሱ ደግሞ ቀስ ያለ ነው። ትልቅ አፕዴት ሲሆን እኔ የምመርጠው ኬብል ነው። ጋርሚን ኤክስፕረስ የሚባለውን ፕሮግራም ኮምፒውተር ላይ ጫኑ፣ ሰዓቱን ሰኩ፣ ራሱ ያገኘዋል። ሰክታችሁት ቻርጅ ብቻ ካደረገና ኮምፒውተሩ ምንም ካላየ ኬብሉን ቀይሩ፤ ከሱቅ የሚገዙ ርካሽ ኬብሎች አንዳንዶቹ ኤሌክትሪክ ብቻ እንጂ ዳታ አያሳልፉም። ኮምፒውተር ላይ ሳላችሁ ጋርሚን የሚለውን ፎልደር ከፍታችሁ አክቲቪቲ የሚለውን ኮፒ አድርጉ። ሩጫዎቻችሁ እዚያ ናቸው።

«አፕዴት የለም» ቢላችሁ ደግሞ አትደንግጡ። ድርጅቶቹ አዲስ ቨርዥን ለሁሉም በአንድ ቀን አይለቁም። ለጥቂት ሰው ይለቃሉ፣ ችግር ካልታየ ይጨምራሉ። ጓደኛችሁ ሰኞ አግኝቶ እናንተ በሚቀጥለው ሳምንት ልታገኙ ትችላላችሁ። ሪሴት ማድረግ ወረፋውን አያስቀድምም።

ቤታ የሚባለውን፣ ገና በሙከራ ላይ ያለውን፣ ሁለተኛ ሰዓት ለሌለው ሰው አልመክርም። ለውድድር የምትለማመዱ ከሆነ ጭራሽ። ታላቁ ሩጫ ኅዳር ላይ ነው፤ ከዚህ በአውቶቡስ አዲስ አበባ የምትሄዱ፣ አውቶማቲክ አፕዴቱን ከሳምንት በፊት አጥፉት። የውድድሩ ዋዜማ ሆቴል ገብታችሁ ሰዓቱ ሌሊት ራሱን ቀይሮ፣ የለመዳችሁት ስክሪን ጠፍቶ፣ መነሻ መስመሩ ላይ ቁልፍ ስትፈልጉ ከመገኘት ያድናችኋል።

ከአፕዴት በኋላ

ሪስታርት አድርጉት። ከዚያ ወደ ሜዳ ውጡ፣ ዛፍ ከሌለበት። ሐይቁ ዳር ያሉት ትልልቅ ዛፎች ሥር ቆማችሁ ጂፒኤስ ቶሎ አይያዝም፤ ወጣ በሉና ሰዓቱ ሳተላይቶቹን እስኪያገኝ ዝም ብላችሁ ቁሙ። ለሰዓቱ ሳተላይቶቹ የት እንዳሉ የሚነግረው ፋይል በስልኩ በኩል ነው የሚገባው። ለረጅም ቀናት ሲንክ ካላደረጋችሁ ፋይሉ ያረጅና ፍለጋው ይረዝማል። «አፕዴቱ ጂፒኤሱን አበላሸው» የሚሉ ብዙዎች ችግራቸው ይህ ነው።

ባሮሜትር ላላቸው ሐይቁ ጥሩ መፈተኛ ነው። የሐይቁ ወለል 1,680 ሜትር አካባቢ ነው፣ ዳሩም ሜዳ ነው። ከፍቅር ሐይቅ ወደ አሞራ ገደል በዳር በዳሩ ሮጣችሁ ሰዓቱ 150 ሜትር ወጣችሁ ካላችሁ አትመኑት። አፕዴቱን ከመውቀሳችሁ በፊት ሰዓቱ ጎን ላይ ያሉትን ጥቃቅን ቀዳዳዎች እዩ፤ የደረቀ ላብ፣ የፀሐይ ክሬም፣ አቧራ ይዘጋቸዋል። ለብ ባለ ውኃ እጠቡት፣ መርፌ አታስገቡ። ደርቆም ከተሳሳተ የከፍታ ሴንሰሩን ካሊብሬት አድርጉ፤ ከፍታውን በእጅ መሙላት ይቻላል።

ባትሪው በመጀመሪያው አንድ ሁለት ቀን ቶሎ ቢያልቅ ታገሡት። ከዚያ ካልተመለሰ አንዱ የወረደ የሰዓት ፊት (ጊዜ የሚያሳየው ዋና ገጽ) ወይም አፕ ከአዲሱ ሶፍትዌር ጋር ላይስማማ ይችላል። ከሰዓቱ ጋር ወደመጣው ፊት መልሳችሁ አንድ ቀን እዩት። ከፍተኛ የልብ ምታችሁንና የልብ ምት ዞኖቹንም (ከቀላል እስከ ከባድ የተከፈሉትን ደረጃዎች) አረጋግጡ።

ሰዓቱ እየጠፋ እየበራ አልነሳ ካለስ? እ.ኤ.አ. ጥር 2025 መጨረሻ ላይ በዓለም ዙሪያ ብዙ የጋርሚን ሰዓቶች ጂፒኤስ የሚፈልግ ነገር ሲከፈት ሰማያዊ ሦስት ማዕዘን ላይ ቆመው ቀሩ። ሰው አፕዴት ነው ብሎ ነበር፤ ጉዱ ግን በሲንክ የገባ የሳተላይት ፋይል ነበር። የተሰጠው መፍትሔ የማብሪያና ማጥፊያ ቁልፉን ሰዓቱ እስኪጠፋ ድረስ ተጭኖ መያዝ፣ እንደገና ማብራትና ቶሎ ከአፑ ጋር ሲንክ ማድረግ ነበር። ብዙው በዚህ ተነሳ። ዛሬም ለማንኛውም የተንጠለጠለ ሰዓት ቅደም ተከተሉ ያው ነው። መጀመሪያ ቁልፉን 15 ሰከንድ ያህል ያዙ፣ ቀጥሎ ሲንክ፣ ቀጥሎ ሴቲንግ ብቻ የሚመልሰው ሪሴት። ዳታ የሚያጠፋው ሪሴት መጨረሻ ላይ ነው። ጋርሚን ላይ ሁለቱ ለየብቻ ተጽፈዋል፤ ዲሊት የሚለውን ቃል ካያችሁ ሩጫዎቹ ይሄዳሉ ማለት ነው።

ስለ አማርኛና ስለኛ ሰዓት

ከባንክ የሚመጣው በእንግሊዝኛ የተጻፈ መልእክት ሰዓቱ ላይ ጥርት ብሎ ይነበባል። እናታችሁ «ልጄ በልተሃል?» ብላ በአማርኛ ስትጽፍ ግን ብዙ የሩጫ ሰዓቶች ላይ የሚታየው የተደረደረ ባዶ ሳጥን ነው። የሰዓቱ ሶፍትዌር ውስጥ የፊደላችን ፎንት የለም። ከስልኩ ላይ ብትቀይሩት ለውጥ የለውም፤ ፎንቱን ማስገባት ያለበት ድርጅቱ ነው። ሐሳብ መቀበያ ገጽ አላቸው፣ ጋርሚንም አለው፤ ጻፉ። አንድ ሰው ሲጽፍና ብዙ ሰው ሲጽፍ አንድ አይደለም።

የኛን ሰዓት አቆጣጠር በተመለከተ ግን መላ አለ። አንዳንዱ ሰው ሰዓቱን በእጁ ስድስት ሰዓት ወደኋላ ይመልሰዋል። አታድርጉት፤ የእንቅልፍና የሩጫ ሰዓታችሁ ሁሉ ይምታታል፣ ሲንክ ሲደረግም ወደነበረበት ሊመለስ ይችላል። ይልቅ ዋናውን እንዳለ ተዉትና ሁለተኛ የዓለም ሰዓት ጨምሩ፤ ከተማው ቦነስ አይረስ፣ አቀማመጡ ባለ 12 ሰዓት። አርጀንቲና ከኛ በስድስት ሰዓት ወደኋላ ናት፣ በበጋና በክረምትም ሰዓት አትቀያይርም። እኛ ጋ ጠዋት 1 ሰዓት ሲሆን ቦነስ አይረስ 1:00 ይላል፣ ቀን 6 ሰዓት ሲሆን 6:00። ማታም ይሠራል። ሁለተኛ ሰዓት የሚያሳይ የሰዓት ፊት ካወረዳችሁ ደግሞ ሁሌም ፊት ለፊታችሁ ነው።

አሮጌ ሰዓት፣ አዲስ ሰዓት

ሰዓት ከወጣ ጥቂት ዓመታት ካለፉት አዲስ ፊቸር መምጣቱ ያቆማል፤ የሚመጣው ጥገና ብቻ ይሆናል፣ በኋላም እሱም ይቀራል። 245 እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ነው። ርቀት፣ ፍጥነትና የልብ ምት ለሚፈልግ ሰው ዛሬም በደንብ ይሠራል። ያ የሚበቃችሁ ከሆነ አትቀይሩት፤ በዚያ ብር ጥሩ ጫማ ይገዛል።

የምትቀይሩ ከሆነ ደግሞ «በአፕዴት ይመጣል» ለተባለ ነገር ብር አትክፈሉ። ዛሬ ሰዓቱ ላይ ያለውን ነው የምትገዙት። ያገለገለ ከሆነ ሱቁ ውስጥ ቆማችሁ ከራሳችሁ ስልክ ጋር አገናኙት፣ አባውት ገብታችሁ ሞዴሉን አንብቡ፣ ደጅ ወጥታችሁ ጂፒኤስ ሲይዝ እዩ። አፕል ከሆነ የምትይዙት ስልክ አይፎን መሆን አለበት፣ የቀድሞው ባለቤት አካውንትም ከሰዓቱ ላይ መውጣቱን አረጋግጡ፤ ካልወጣ ተቆልፎ ነው የሚቀረው። ሻጩ «ቤት ሄዳችሁ ታገናኙታላችሁ፣ ችግር የለም» ካለ፣ ባጃጅ ከመጥራታችሁ በፊት ሰዓቱን መልሱለት።